ብይ በቦይ ላይ፦ ትንንሽ ልጆች መውደቅንና እንቅስቃሴን በእጃቸው ሲረዱ

አምስት ዓመት የሞላት ልጄ ማንኪያ ከጠረጴዛ ላይ ሲወድቅ አይታ ለምን እንደወደቀ ስትጠይቀኝ፣ ብዙ ወላጅ እንደሚያደርገው «የመሬት ስበት ስለሚጎትተው ነው» ብዬ ጉዳዩን የዘጋሁት መስሎኝ ነበር። እሷ ግን ወለሉን ትኩር ብላ አየችና «እኛ እኮ አራተኛ ፎቅ ላይ ነን፤ ከሥራችን ያለው የጎረቤቶቻችን ቤት ነው፤ ታዲያ የሚስቡን እነሱ ናቸው?» አለችኝ። ጥያቄው ያስቃል፤ ስሕተቱ ግን የእኔ እንጂ የእሷ አልነበረም። በአማርኛ «መሬት» የምንለው አፈሩንም፣ የቤቱን ወለልም፣ ፀሐይን የምትዞረውን ግዙፍ ሉልም ነው፤ ፎቅ ላይ ከእጃችን ያመለጠ ብርጭቆም ቢሆን «መሬት ወደቀ» ይባላል። ስለዚህ «የመሬት ስበት» የሚለውን ሐረግ ያለ ምንም ቅድመ ልምድ የሰማ ሕፃን፣ ምንጣፉ ወይም ሲሚንቶው እንደ ማግኔት የሚጎትት ነገር አድርጎ ቢያስበው፣ ቋንቋውን በሚገባ መስማቱን እንጂ ሞኝነቱን አያሳይም።

ከዚያ ቀን ወዲህ የያዝኩት ልማድ ቃሉን ማዘግየት ነው። ከ3 እስከ 7 ዓመት ያለ ልጅ ስለ መውደቅና ስለ እንቅስቃሴ ሊያውቀው የሚችለው ነገር እጅግ ብዙ ነው፤ ሆኖም የሚያውቀው ዕቃውን በእጁ ይዞ፣ ለቅቆ፣ አንከባልሎ፣ አስቀድሞ ገምቶ፣ ግምቱ ሲይዝለትም ሲከሽፍበትም በዓይኑ አይቶ ነው እንጂ ትርጓሜ ሸምድዶ አይደለም። «ስበት» የሚለው ስም መሰጠት ያለበት ልጁ ስም የሚያስፈልገው ነገር ካገኘ በኋላ ነው። ከዚህ በታች የማቀርባቸው ጨዋታዎች አብዛኞቹ ገንዘብ የማይጠይቁ ናቸው፤ ከየጨዋታው ጀርባ ያለውንም ምክንያት አብሬ የማብራራው ከልጁ ጋር የሚቀመጠው ትልቅ ሰው ራሱ ነገሩን ካልተረዳው፣ ጥያቄ ሲመጣበት እንደ እኔ በአንድ ሐረግ ለመገላገል ስለሚገደድ ነው።

በመጀመሪያ መታወቅ ያለበት፣ ልጅ ወደዚህ ጨዋታ ባዶ ጭንቅላት ይዞ እንደማይመጣ ነው። ሕፃናት ገና በጥቂት ወራት ዕድሜያቸው ድጋፍ የሌለው ነገር መውደቅ እንዳለበት ይጠብቃሉ፤ ተመራማሪዎች ይህን ያወቁት፣ አየር ላይ ተንሳፍፎ የቀረ የሚመስል ዕቃ ሲያሳዩአቸው ሕፃናቱ ከወትሮው ረዘም ላለ ጊዜ አፍጥጠው ስለሚመለከቱት ነው። የስዊዘርላንዱ የሥነ ልቦና ሊቅ ዣን ፒያዤም የገዛ ልጁ ገና አንድ ዓመት ሳይሞላው ዕቃ እያነሣ ሲጥል፣ የእጁን አቀማመጥ እየለዋወጠም የት እንደሚያርፍ ሲከታተል አይቶ መዝግቧል። ማንኪያዋን አሥር ጊዜ አንሥተን የሰጠናት ሕፃን ለአሥራ አንደኛ ጊዜ ስትጥለው የምትሠራው ሥራ ይኸው ነው፤ ትንሽ እኛን ማናደዱም ሳይኖርበት አይቀርም።

ይህ የሕፃንነት ዕውቀት ግን የራሱ ወጥመድ አለው። ብሩስ ሁድ የተባለው ተመራማሪ በ1995 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ ከላይ ሦስት ቀዳዳ፣ ከታች ሦስት መቀበያ ሣጥን ባለው መሣሪያ ላይ ውስጣቸው የማይታይ ቱቦዎችን አጠላልፎ አገናኘና ኳስ ከላይ ለቀቀ። የሁለት ዓመት ሕፃናት ቱቦው ወደ ሌላ አቅጣጫ መታጠፉን እያዩ እንኳ ኳሱን የሚፈልጉት በቀጥታ ከቀዳዳው ሥር ነበር፤ ባዶ ሆኖ ሲያገኙትም በሚቀጥለው ጊዜ እዚያው ተመልሰው ይፈልጋሉ። «የወደቀ ነገር ቀጥ ብሎ ይወርዳል» የሚለው ሕግ በውስጣቸው የጸና በመሆኑ ዓይናቸው የሚያየውን ይሽርባቸዋል። ቤት ውስጥ ረዘም ያለ የሱሪ እግር ወደ ጎን አጥፎ ይዞ፣ በውስጡ የካልሲ ኳስ በመልቀቅ ይህንኑ መሞከር ይቻላል። ሦስት ዓመት ያለፈው ልጅ ከጥቂት ሙከራ በኋላ ጨርቁን በጣቱ እየተከተለ መውጫውን ማግኘት ሲጀምር ማየት ደስ ይላል።

ለሁሉም ጨዋታ የሚሆን አንድ ሥርዓት አለ፤ እሱም ከመልቀቅ በፊት ግምት መጠየቅ ነው። «የትኛው ቀድሞ የሚደርስ ይመስልሃል?» ብሎ መጠየቅና ልጁ በጣቱ እስኪያመለክት መታገሥ ጨዋታውን ወደ ሙከራ የሚለውጠው ዋናው ነገር ነው፤ ግምት ያልሰጠ ልጅ የሚያየው የሚወድቅ ዕቃ ብቻ ሲሆን፣ ግምት የሰጠ ልጅ ግን መልስ ይጠብቃል። ከዚያ በተረፈ በአንድ ጊዜ ከአንድ ነገር በላይ አለመለወጥ፣ ግምቱ ሲሳሳትም ለማረም አለመቸኮል ይበቃል። ትልቁ ሰው ዝም ማለት የሚከብደው እዚህ ላይ ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ሙከራ እንምጣ። ሁለት እኩል የሆኑ የሃይላንድ ጠርሙሶች ይዘጋጁ፤ አንደኛው እስከ አፉ፣ ሌላኛው እስከ ሲሶው ድረስ ውኃ ይሞላና ሁለቱም ጠበቅ ተደርገው ይከደኑ። ልጁ ሁለቱን በግራና በቀኝ እጁ ይዞ ክብደታቸውን ከለየ በኋላ፣ ትልቁ ሰው ሁለቱን እኩል ከፍ አድርጎ አፈር ወይም ሣር ላይ በአንድ ጊዜ ይልቀቃቸው። አብዛኛው ልጅ፣ እውነቱን ለመናገር አብዛኛው ትልቅ ሰውም፣ ከባዱ ይቀድማል ብሎ ይገምታል። ልጁ ዓይኑን ጨፍኖ «የሰማሁት አንድ ድምፅ ነው ወይስ ሁለት?» ብሎ እንዲያዳምጥ ማድረግ ከማየት የተሻለ ነው፤ ከ1 ሜትር ከ25 የተለቀቀ ዕቃ መሬት የሚደርሰው በግማሽ ሰከንድ ስለሆነ ዓይን ይታለላል፣ ጆሮ ግን አንዱን ድምፅ ከሁለት ድምፅ በደንብ ይለያል። የሚሰማው አንድ ድምፅ ነው።

ምክንያቱን ለመረዳት የጋሪ ምሳሌ ይረዳል። አንድ ኩንታል የጫነ ጋሪ ለማስነሣት አንድ ሰው ቢበቃ፣ ሁለት ኩንታል የጫነውን በዚያው ፍጥነት ለማስነሣት ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ ሁለቱ ጋሪዎች የገፊዎቻቸው ቁጥር ከጭነታቸው ጋር እስከተመጣጠነ ድረስ እኩል ይሄዳሉ። ስበትም እንዲሁ ነው። ሙሉው ጠርሙስ ሦስት እጥፍ ይሳባል፤ ነገር ግን ለመንቀሳቀስ ሦስት እጥፍ ይለግማል፤ አንዱ ሌላውን ያጣፋዋል። ልጁ በእጁ የተሰማው ክብደት ውሸት አይደለም፤ ውሸቱ «በጣም የሚከብደኝ በጣም ይፈጥናል» የሚለው ድምዳሜ ነው። የጥንቱ ግሪካዊ ፈላስፋ አርስቶትል ከባድ ነገር እንደ ክብደቱ መጠን ይፈጥናል ብሎ ያስተማረው ትምህርት ለብዙ መቶ ዓመታት ሲሠራበት ኖሯል፤ በስድስተኛው መቶ ዓመት በእስክንድርያ የነበረው ፈላስፋ ዮሐንስ ፊሎፖኖስ ክብደታቸው እጅግ የተለያዩ ነገሮች ከአንድ ከፍታ ቢለቀቁ የሚደርሱበት ጊዜ ልዩነት ኢምንት መሆኑን ጽፎ ነበር፣ ሰሚ ግን ብዙም አላገኘም። የአምስት ዓመት ልጅ ከአርስቶትል ጋር ቢስማማ የሚያሳፍረው ነገር የለም።

በዚህ ጊዜ ንቁ የሆነ ልጅ «ወረቀትስ?» ማለቱ አይቀርም፤ ካላለም ትልቁ ሰው ወረቀቱን ያቅርብለት። ከአንድ ደብተር የተቀደዱ ሁለት ገጾች እኩል ይመዝናሉ፤ አንዱን ጨምድደን ሌላውን ዘርግተን ብንለቅቃቸው የተጨመደደው በቀጥታ ሲወርድ የተዘረጋው እየተንሳፈፈ ይዘገያል። ክብደታቸው አልተለወጠም፤ የተለወጠው ቅርጻቸው ነው፤ ስለዚህ ያዘገየው ከሥር ያለው አየር መሆኑን ልጁ ራሱ ሊደርስበት ይችላል። ከዚያ የተዘረጋውን ወረቀት ከእሱ በሚሰፋ መጽሐፍ ላይ አስተኝቶ መጽሐፉን ወደ ታች መልቀቅ ነው፤ መጽሐፉ አየሩን ከፊት ከፊት ስለሚጠርግለት ወረቀቱ ተጣብቆ አብሮ ይወርዳል። በቤታችን ልጆቹ ይህን ሙከራ በአንድ ከሰዓት ከሃያ ጊዜ በላይ አስደግመውኛል፤ ወረቀቱ በማስቲሽ እንዳልተለጠፈ ሦስት ጊዜ ተፈትሿል። ከፍ ላሉት ልጆች የጨረቃውን ታሪክ መንገር ይቻላል፦ ኦገስት 2 ቀን 1971 እ.ኤ.አ. የአፖሎ 15 አዛዥ ዴቪድ ስኮት ጨረቃ ላይ ቆሞ መዶሻና የጭልፊት ላባ በአንድ ጊዜ ለቀቀ፤ እዚያ አየር ስለሌለ ሁለቱም እኩል አረፉ። ምስሉ ዛሬም በኢንተርኔት ይገኛል። የጨረቃ ስበት የመሬትን አንድ ስድስተኛ ብቻ ስለሆነ አወዳደቃቸው ቀስ ያለ ነው፤ ለልጅ ዓይን እንዲያውም ይህ ይመቻል።

ሆኖም መውደቅ እዚህ ምድር ላይ በጣም ፈጣን ነው። ልጅ «ወደቀ» እንጂ «እየፈጠነ ወደቀ» ብሎ አይመለከትም፤ ለማየት ጊዜ የለውምና። ይህ ችግር የጣሊያናዊው ሳይንቲስት የጋሊልዮ ጋሊሌይም ችግር ነበር። ስለ እሱ ሁልጊዜ የሚወራው ከፒዛው ዘንባላ ግንብ ላይ ኳሶች ለቀቀ የሚለው ታሪክ ነው፤ ታሪኩን የጻፈው ደቀ መዝሙሩ ሲሆን፣ መፈጸሙን ብዙ የታሪክ ምሁራን ይጠራጠራሉ። እሱ ራሱ በ1638 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የገለጸው ሥራ ግን ለእኔ ከግንቡ ወሬ እጅግ ይበልጣል። ረጅም እንጨት ላይ ቀጥ ያለ ቦይ ፈለፈለ፤ ቦዩን በለሰለሰ ብራና ለበጠው፤ አንዱን ጫፍ ትንሽ ከፍ አድርጎ የነሐስ ኳስ አንከባለለበት፤ ጊዜውንም ከዕቃ እየተንቆረቆረ የሚወርድ ውኃ በጽዋ ተቀብሎ በመመዘን ለካ። ተዳፋት ማለት ለእሱ የተቻኮለውን መውደቅ ወስዶ ዓይን እስኪችለው ድረስ ማዘግያ ነበር። ለልጆች ከሚሠሩ መጫወቻዎች ሁሉ የመጀመሪያውን ቦታ ለተዳፋት የምሰጠውም በዚሁ ምክንያት ነው።

የቤት ውስጡ ቦይ ለሁለት ከተሰነጠቀ የፕላስቲክ ቧንቧ ወይም ተጣጥፎ ከተለጠፈ ረጅም ካርቶን ሊሠራ ይችላል፤ ርዝመቱ 2 ሜትር ያህል ቢሆን ጥሩ ነው። አንዱ ጫፍ ሁለት ወፍራም መጻሕፍት ላይ፣ ማለትም 10 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ይቀመጥ። ከ2 ሜትር ከፍታ የተለቀቀች ብይ በ0.64 ሰከንድ መሬት ትደርሳለች፤ ይህንኑ 2 ሜትር በእንዲህ ያለው ቦይ ላይ ለመጨረስ ግን 3 ሰከንድ ተኩል ገደማ ይፈጅባታል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ልጅ አጠገቧ እየተራመደ ሊከተላት ይችላል፤ መጀመሪያ ላይ ይቀድማታል፣ በመጨረሻው ላይ ትቀድመዋለች። (ከ3 ዓመት በታች ያለ ልጅ ባለበት ቤት ብይ አደገኛ ነው፤ አፍ ውስጥ ገብታ ጉሮሮ ልትዘጋ ትችላለች። በሽንት ቤት ወረቀት መሐል ባለው የካርቶን ጥቅልል ውስጥ የሚያልፍ ማንኛውም ዕቃ ለእነሱ አይሰጥም፤ በብርቱካን መተካት ነው።)

ቀጥሎ ያለው ከሁሉም አብልጬ የምወደው ክፍል ነው። በቦዩ ጠርዝ ላይ ብይዋ ከምትነሣበት ቦታ ጀምሮ በ60፣ በ120 እና በ180 ሴንቲ ሜትር ላይ በእስክሪብቶ ምልክት ይደረግ፤ ልጆቹ ብይዋ በእያንዳንዱ ምልክት ስታልፍ አንድ ጊዜ እንዲያጨበጭቡ ይነገራቸው። ምልክቶቹ እኩል የተራራቁ ቢሆኑም ጭብጨባው እኩል አይሆንም፤ የመጀመሪያው ረጅም ጠብቆ ይመጣል፣ ሁለተኛውና ሦስተኛው ግን «ጨብ፣ ጨብ» ብለው ይከታተላሉ። ያለ አንድ ቃል ማብራሪያ እጃቸው «እየፈጠነች ነው» ብሏቸዋል። ከዚያ አሮጌዎቹ ምልክቶች ይጠፉና በ20፣ በ80 እና በ180 ሴንቲ ሜትር ላይ አዲስ ይደረጉ። አሁን ምልክቶቹ ሲታዩ የተዛቡ ይመስላሉ፤ ጭብጨባው ግን እንደ ከበሮ ምት እኩል እየተራራቀ፣ በየሰከንዱ አንድ ገደማ ይሰማል። ልጆቻችን ለጭብጨባ ምት ያላቸው ጆሮ የታወቀ ስለሆነ ልዩነቱን ለማወቅ የሩጫ ሰዓት አያስፈልጋቸውም።

ምስጢሩ ይህ ነው፦ ብይዋ በመጀመሪያው ሰከንድ አንድ እጅ ብትሄድ፣ በሁለተኛው ሦስት፣ በሦስተኛው አምስት እጅ ትሄዳለች፤ ድምሩ አንድ፣ አራት፣ ዘጠኝ ይሆናል። 20 ሲባዛ በአንድ 20፣ በአራት 80፣ በዘጠኝ 180 ነው። ጋሊልዮ ያገኘው ሕግ ይኸው ሲሆን በቀጥታ ለሚወድቅ ነገርም ይሠራል፤ ልዩነቱ በቀጥታ የሚወድቀው በመጀመሪያው ሰከንድ 4.9 ሜትር፣ በሁለት ሰከንድ 19.6 ሜትር መውረዱ ብቻ ነው። ይህን ስሌት ለአምስት ዓመት ልጅ መንገር አያስፈልግም፤ ሰባት ዓመት የሞላውና ማባዛት የጀመረው ግን ራሱ ሲደርስበት ዓይኑ ይበራል። ለትንሹ የሚበቃው መጻሕፍቱን ሦስት አድርጎ፣ ከዚያ አንድ ብቻ አድርጎ ልዩነቱን ማየት ነው፤ ተዳፋቱ በጨመረ ቁጥር መንከባለል እየቀረ መውደቅ እየሆነ እንደሚሄድ፣ በመጨረሻ ቦዩ ቀጥ ብሎ ሲቆም ሁለቱ አንድ እንደሚሆኑ እጁ ይነግረዋል።

ብይዋ ከቦዩ ከወጣች በኋላ ያለው ነገር ደግሞ የራሱ ትምህርት ነው። ልጅ ሁሉ፣ የተንቀሳቀሰ ነገር ሲደክመው ይቆማል ብሎ ያምናል፤ አነጋገራችንም ይህንኑ ያግዛል፣ «ኳሱ ጉልበቱ አለቀ» እንላለንና። በቦዩ ጫፍ ላይ መጀመሪያ ብርድ ልብስ፣ ቀጥሎ ምንጣፍ፣ ቀጥሎ ባዶ የሴራሚክ ወለል ብናደርግና ብይዋ የደረሰችበትን በየጊዜው ብናመለክት፣ ከአንድ ከፍታ የተነሣች አንዲት ብይ ሦስት የተለያየ ርቀት ትሄዳለች። ድካም ከውስጧ ቢሆን ኖሮ የትም ቢሆን እኩል በደከማት ነበር፤ ስለዚህ የሚያቆማት ከውጭ ያለው መፋተግ፣ የሳይንስ መጻሕፍት ሰበቃ የሚሉት ነው። ጋሊልዮ ከዚህ አንድ እርምጃ አልፎ፣ ሰበቃ ባይኖር ኳሷ ጠፍጣፋ ሜዳ ላይ ሳትቆም ትኖር ነበር ብሏል፤ አይዛክ ኒውተን በ1687 እ.ኤ.አ. ይህንኑ የእንቅስቃሴ ሕጎቹ መጀመሪያ አደረገው፦ የቆመ ነገር አንቀሳቃሽ እስካላገኘው እንደቆመ፣ የሚሄድም አስቋሚ እስካላገኘው በያዘው ፍጥነትና አቅጣጫ እንደሄደ ይቀራል። ሚኒባስ ታክሲ ድንገት ብሬክ ሲይዝ ተሳፋሪው ሁሉ ወደ ፊት የሚሰግደው ማንም ገፍቶት ሳይሆን መኪናው ሲቆም የእሱ ገላ ጉዞውን ስለቀጠለ ነው፤ የመቀመጫ ቀበቶ የተሠራውም ለዚሁ ነው። ወንጭፍ የሚያሽከረክር እረኛም ድንጋዩ ሲለቀቅ ክቡን መከተሉን ትቶ ቀጥ ብሎ እንደሚሄድ በልምዱ ያውቃል። በ1980 እ.ኤ.አ. በታተመ የአሜሪካ ጥናት በርካታ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከተጠማዘዘ ቱቦ የወጣች ኳስ እየተጠማዘዘች ትሄዳለች ብለው መሣላቸውን ሳስብ፣ እረኛው ከእነሱ ይበልጥ ፊዚክስ ያወቀ ይመስለኛል።

መሄድና መውደቅ አንድ ላይ ሲሆኑ ነገሩ ይበልጥ ያስደንቃል። ባልዲ መሐል ሜዳ ላይ ይቀመጥና ልጁ የካልሲ ኳስ ይዞ እየሮጠ ሳይወረውር፣ ጣቱን በመክፈት ብቻ ባልዲው ውስጥ እንዲጥለው ይጠየቅ። በመጀመሪያው ሙከራ ሁሉም ልጅ ልክ ባልዲው አናት ላይ ሲደርስ ይለቀዋል፤ ኳሱም አልፎ ሄዶ ይወድቃል። ኳሱ ከእጅ ሲወጣ የሯጩን ፍጥነት ይዞ ስለሚወጣ፣ በሰከንድ 2 ሜትር የሚሮጥ ልጅ ከ80 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ሲለቀው እስኪያርፍ ድረስ በ0.4 ሰከንድ ውስጥ 80 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ፊት ይጓዛል። ከአምስትና ከስድስት ሙከራ በኋላ ልጆች ማንም ሳይነግራቸው ቀድመው መልቀቅ ይጀምራሉ፤ ለምን ቀድመው እንደለቀቁ ሲጠየቁ ግን ብዙዎቹ አያውቁትም፣ እጃቸው ከአንደበታቸው ቀድሟልና። ቅልብልቦሽ የሚጫወቱ ልጆችም እንዲሁ ናቸው። ጠጠሯን 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ላይ የወረወረች ልጅ እስክትቀልባት ግማሽ ሰከንድ አላት፤ ብዙ ጠጠር ለመልቀም አንድ ሰከንድ ብትፈልግ እጥፍ ከፍታ አይበቃትም፣ አራት እጥፍ፣ 120 ሴንቲ ሜትር መወርወር አለባት። ያቺው አንድ፣ አራት፣ ዘጠኝ እዚህም ተመልሳ መጣች።

ከባልዲው ጨዋታ ተነሥቶ ወደ ጠፈር መሄድ ይቻላል። ጠፈርተኞች የሚንሳፈፉት እዚያ ስበት ስለሌለ ነው የሚለው ወሬ በትልልቆችም ዘንድ የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ በሚዞርበት 400 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ያለው ስበት መሬት ላይ ካለው 90 በመቶ ገደማ ነው። ጣቢያው በሰከንድ 7.7 ኪሎ ሜትር ወደ ጎን ስለሚሮጥ፣ እየወደቀም ቢሆን መሬት ከሥሩ እየጎበጠች ስለምታመልጠው አይደርስባትም፤ ጠፈርተኛውም ጣቢያውም አብረው ስለሚወድቁ አንዱ ሌላውን አይጫነውም። ይህን በሃይላንድ ጠርሙስ ማሳየት ይቻላል፤ ከታች ጎኑ ላይ በምስማር ይበሳና ክዳኑ ተከፍቶ ውኃ ይሞላ። በእጅ ሲያዝ ውኃው በቀዳዳው ይፈልቃል፤ ከከፍታ ሲለቀቅ ግን እስኪያርፍ ድረስ መፍለቁን ያቆማል። ግቢ ውስጥ ቢደረግ ይሻላል፤ ልብስም ይረጥባል።

«መሬት» የሚለው ቃል ያመጣብኝን ችግር የፈታልኝ ግን ብርቱካን ነበር። ሕፃናት መሬት ክብ ናት ሲባሉ ብዙ ጊዜ ሁለቱን እውቀት ለማስታረቅ ሲሉ ውስጡ ባዶ የሆነ ኳስ ይሥሉና ሰዎቹን ውስጡ ባለ ጠፍጣፋ ወለል ላይ ያቆማሉ፤ ይህንን ተመራማሪዎቹ ስቴላ ቮስኒያዱና ዊሊያም ብሩወር በ1992 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት በዝርዝር አሳይተዋል። ውጭ ቢያቆሟቸው ከሥር ያሉት ይወድቁባቸዋላ! እኛ ብርቱካኑ ላይ በየአቅጣጫው ስቴኪኒ ሰካንበት፤ እያንዳንዱ ስቴኪኒ ሰው ነው፣ ከእጁ ላይም ማንኪያ ወደቀ። ማንኪያው ወዴት ይሄዳል? ልጄ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወደ ጠረጴዛው ጠቆመች፤ ሦስተኛው ላይ ግን ቆም ብላ አሰበችና ጣቷን በስቴኪኒው ርዝመት ወደ ብርቱካኑ አስገባችው። «ታች» ማለት የክፍላችን ወለል ያለበት አቅጣጫ ሳይሆን ወደ መሬት እምብርት፣ ከእግራችን ሥር 6,371 ኪሎ ሜትር ርቆ ወዳለው መሐል ማለት ነው። ያን ጊዜ ስሙን ነገርኳት፤ ይህቺ ብርቱካን ማንኪያውን ከየአቅጣጫው ወደ ራሷ መጎተቷ ስበት ይባላል አልኳት።

«እና ጎረቤቶቻችን አይስቡንም» አለች፤ ያን የፊተኛውን ጥያቄ አልረሳችውም። ስለ ጎረቤቶቻችን ግን እውነቱን መናገር ነበረብኝ። ስበት የመሬት ብቻ ጠባይ አይደለም፤ ቁስ አካል ያለው ማንኛውም ነገር ሌላውን ይስባል፤ እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ሄንሪ ካቨንዲሽ በ1798 እ.ኤ.አ. የእርሳስ ኳሶች እርስ በርስ የሚሳሳቡበትን ኃይል በረቀቀ ሚዛን ለክቶታል። እያንዳንዳቸው 70 ኪሎ የሚመዝኑ ሁለት ሰዎች በ1 ሜትር ርቀት ቢቆሙ የሚሳሳቡበት ኃይል አንዲት ደቃቅ የአሸዋ ቅንጣት የምትመዝነውን ያህል ነው፤ የሰዎች ስበት የማይሰማን፣ መሬት 6 ሺህ ቢሊዮን ቢሊዮን ቶን ስለምትመዝንና ጎረቤቶቻችን አምስት ቤተሰብ ብቻ ስለሆኑ ነው። «ይስቡናል፤ ግን እንደ አንዲት አሸዋ» አልኳት። በማግስቱ ደረጃ ላይ ስናገኛቸው እጄን ይዛ ቆመችና ትንሽ እስኪርቁ ጠበቀች።